የታጠበች ብር

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ የድሮ ዕቃ ሻጭ የጠቆረች የምኒልክ ብር መዳፌ ላይ አኖረና «ይቺ ያልታጠበች ናት፣ እትዬ» አለኝ። ዋጋዋን ማስወደዱ ነበር። ብሯ ትቀዘቅዛለች፤ አሮጌ ቆዳ ቆዳ ትሸታለች። እዚያው የሻጩ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት በደርግ ጊዜ፣ ሞላሌ ገበያ ነው። ወጣቱ ለውትድርና የሚታፈስበት ሰሞን ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ገብስ ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ከረመ። አንድ የቆዳ ጫኝ ሾፌር ከቆዳው ሥር ሸሽጎ አዲስ አበባ፣ አክስቴ ዘንድ ሊያደርስልን ተስማማ። የጠየቀው ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ቤታችን የነበረችው ሀብት አባቴ ለእናቴ ጥሎሽ የሰጣት፣ ከሣጥን ወጥታ የማታውቅ አንዲት የምኒልክ ብር ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ብር ገዢ እንዲህ ያለችውን ለድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎች በጥሩ ዋጋ እንደሚወስድ ሰምተናል።

ገዢው እናቴንና እኔን የተቀበለን ከአንድ ሱቅ ጓዳ ነው። በበሩ ስንጥቅ ቀጭን ብርሃን ይገባል። ውጭ የወታደር ከስክስ ጫማ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ብሯን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ላይዋ የተቀረጸው አንበሳ ያነሳው የትኛውን እግሩን እንደሆነ አየ፤ ጠርዟን በጥፍሩ ዳሰሰ። «አልተሞረደችም፤ አልተበሳችም» አለ ለራሱ። የሚለው ሁሉ ባይገባኝም ፊቱ ሲፈታ አይቼ ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ ብሯን ሰያፍ ይዞ አገላበጣት።

«ታጥባለች።»

እናቴ የተመሰገነች መስሏት ደስ አላት። የጠቆረ ብር ለሰው እጅ መስጠት በኛ ቤት ነውር ነበር። «እንዴታ፣ ዛሬ ጠዋት በአመድ ፈትጌ ነው ያመጣሁልህ» አለችው።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ማስረዳቱ ራሱ ከብዶት ነበር። «እናቴ፣ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለጥቁረቷ ነው። ዕድሜዋ እሱ ነው። አሁን ተመዝና ለአንጥረኛ ማቅለጫ ብቻ ነው የምትሆነው» አላት።

እናቴ አመድ የገባበት ጥፍሯን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

«ታዲያ ልጄን በቆሸሸ ብር ላስመልጥ ኖሯል?»

ሰውየው ገንዘቡን ቆጠረላት። የመኪናው ጥሩምባ ሲጮህ የሰጣትን ተቀብላ ወጣች። ሾፌሩ ገንዘቡን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ለምነን ለምነን ደብረ ብርሃን መግቢያ ድረስ ሊወስደው ተስማማ። ወንድሜ ከቆዳው ሥር እየገባ «ከዚያ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እማዬ፣ አታስቢ» አለ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ አፈሳ ውስጥ ገባ። ከዘመተበት አልተመለሰም።

እናቴ ያፈሱትን ሰዎች ስትረግም አንድም ቀን አልሰማኋትም። ልቅሶ ቤት እንኳ ስለ ወንድሜ ሲነሳ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም» እላታለሁ። እስክትሞት ድረስ ነገርኳት፤ አላመነችኝም።