ዓይነርግብ የለበሱ አበቦች

አክስቴ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት ክፍሏ መስኮት የሚያሳየው ከአንድ አልጋ የማትሰፋ የጓሮ መሬት ነው። እዚያች መሬት ላይ ኮሎምባይን የሚሉት አበባ ነበራት፣ ያውም ድንኩ ዘር። ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ነጭ፣ ከኋላው እንደ መንጠቆ የተቆለመሙ ጭራዎች ያሉት፣ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት ብዙም የማያልፍ። ዛሬም የመቀስ ድምፅ ስሰማ ቀድሞ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ሰማያዊ ነው።

ያመጣላት ባሏ ነው። ቤት ቀቢ ነበር፤ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው። አንድ ቀን ቀለም ሲቀባ ከዋለበት ግቢ ችግኞቹን በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ መጣ።

«ድንኬ፣ በቁመት የምትስተካከልሽ ጓደኛ አገኘሁልሽ።»

«አንተ መሰላል! እሷን ለማየትም መንበርከክህ ነው» አለችው።

እውነትም ተንበርክኮ ተከለላት።

እሱ በድንገት ከሞተ በኋላ ስለ እሱ ብዙ አታወራም ነበር። ማታ ማታ ግን ከአንገቷ የማትለየውን የክር መቀስ ይዛ ትወጣና የጠወለገውን አበባ ሁሉ እየለቀመች ትቆርጣለች። ለእሷ የጠወለገ አበባ ማለት ቀሚስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ነው፤ አይታ ማለፍ አትችልም።

እኔ ተማሪ ሆኜ እሷ ዘንድ በምኖርበት ዘመን ብርዱ አልፎ ሁሉም ነገር ሲያቆጠቁጥ፣ ከድንኮቹ ብቅ ያለችው አንዷ ብቻ ሆነች። ጡረታ የወጣችው ጎረቤታችን ነርሷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«አርጅተው ነው።»

«በዚህ ዕድሜያቸው?»

«እንደኔና እንዳንቺ መሰሉሽ? ጥቂት ዓመት ኖረው ይሄዳሉ፤ የሚተካቸው ዘራቸው ነው። ዘር አላስቀረሽም?»

አክስቴ አንገቷ ላይ ያለውን መቀስ ጨበጥ አደረገችው። «የምን ዘር? እኔ እኮ…»

«ስትከረክሚያቸው ኖርሽ! በይ ዘንድሮ እንኳ እጅሽን ሰብስቢ። ደግሞ የኔዎቹ ረጃጅም ቀዮች ናቸው፤ ንቦቹ ሲመላለሱ ያዳቅሉብሻል።»

ራት ላይ አክስቴ ሹካዋን አስቀመጠች። «የቀባው ግድግዳ ሌላ ቀለም ተደርቦበታል» አለችኝ። «ይቺ አበባም ከሄደች በዚህ ቤት የሱ እጅ የሠራው ነገር አለቀ።»

በማግስቱ ከዓይነርግብ ቁርጥራጭ የጣት ቆብ የሚያካክሉ ከረጢቶች ሰፋች። ያልፈነዳውን እንቡጥ ሁሉ አለበሰችና አፉን በክር ሰበሰበችው። አበቦቹ ሲፈነዱ ከረጢቱን ገለጥ እያደረገች፣ በባሏ ቀጭን ብሩሽ የአበባውን ብናኝ ካንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች።

ነርሷ በሳቅ ሞተች። «ኧረ ሠርግ ነው? ስንቷን ልትድሪ ነው?»

«አንቺን ሚዜ አላደርግሽም፤ ትረዝሚያለሽ።»

ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። አበቦቹ ጠወለጉ፣ ረገፉ፣ ቦታቸው ላይ የቀሩት የዘር ቅርፊቶች ደርቀው አመድ መሰሉ። አክስቴ መቀሱን ከአንገቷ አውልቃ ክፍሏ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ እጇ ግን ሳታውቀው ወደ አንገቷ ይሄድና የሌለውን መቀስ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ከረጢቶቹን ስትነካቸው ተንሿሹ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ዘር።

«አፈር አታልብሻቸው» አለች ነርሷ። «ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ላዩ ላይ በትነሽ ተያቸው።»

«ሳላለብስ? እኔ?»

በተነቻቸው። እናቲቱ በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰችም፤ በቦታዋ ከዘሩ የበቀለው ገና ቅጠል ብቻ ነበር። አክስቴ ያን ዓመት ቅጠሉን ውሃ እያጠጣች ከረመች። በዓመቱ አንድ ጠዋት ግን ከጓሮ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ሰምቼ ወጣሁ። ከቁርጭምጭሚት ብዙም የማያልፍ ሰማያዊ፣ ጫፉ ነጭ አበባ ሞልቶ፣ እሷ መሬቱ ላይ ተንበርክካለች።

«ድንክ ናቸው» አለችኝ። «ሁሉም ድንክ ናቸው።»

ከዚያ ወዲያ ጓሮዋ ጸድቶ አያውቅም። ልጆቻቸውን ልብስ ሊያስለኩ የሚመጡ እናቶች በመስኮቱ አይተው፣ «ይሄን ደረቅ ነገር ምነው ባስቆረጥሽው?» ይሏታል።

እሷ መርፌዎቿን በከንፈሯ እንደያዘች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ተዪው፣ ገና አልጨረሰም» ትላለች።