ጥፋቱ የኔ ነው ተባብለን የተጣላን ዕለት

የኢንሹራንስ ኩባንያዬ «ሃይ ሪስክ»፣ አደገኛ ሾፌር ናት ብሎ የፈረጀኝ ጊዜ ከት ብዬ ሳቅሁ። እኔ! ፍሪዌይ ላይ ከቀኝ መስመር ወጥቼ የማላውቅ፣ የጭነት መኪና ሁሉ በጥሩምባ እየሰደበኝ የሚያልፈኝ ሴትዮ! እርግጥ ኤመሪቪል ፓርኪንግ ውስጥ ምሰሶ ገጭቻለሁ፤ ምሰሶው ቆሞ ነበር፣ አልካድኩም። አፕታውን ሰፈርም በማይታጠፍበት ታጥፌ የቅጣት ቲኬት ተሰጥቶኛል። ኦክላንድ መኖሬ ራሱ እንደ ጥፋት ይቆጠራል፤ የሰው መኪና መስታወት በተሰበረ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ክፍያ ይጨመርበታል። ጉድ ያፈላው ግን ሦስተኛው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እግሬ ይኑርልኝ ብዬ መኪናውን እተወው ነበር። ነገር ግን ልጄ ሳን ሆዜ ወልዳ፣ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ሥራ ልትገባ ነው። ሕፃኗን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ ፎክሬያለሁ። በአውቶቡስና በባቡር እየቀያየርኩ እስክደርስ የልጅ ልጄ ጥርስ ታበቅላለች።

ታዲያ ቴሜስካል ሰፈር ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ ጓ! አለ። ልሳደብ ተዘጋጅቼ ዘልዬ ወረድኩ። ከኋላዬ ካለችው መኪና ከረባት ያሰሩ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አዛውንት ወረዱ። ኤርትራዊ ናቸው፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ፣ አማርኛቸው ከኔ የጠራ። አንጀቴን በሉት።

«አይዞዎት አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድንገት ቆሜብዎት ነው» አልኳቸው። ምን ድንገት! እዚያ መብራት ላይ ሊፕስቲክ ተቀብቼ ጨርሻለሁ።

እሳቸው ደግሞ ምን በወጣሽ ብለው ተቆጡ፤ ጥፋቱ የሳቸው ነው። የለም፣ የኔ ነው። ኧረ በጭራሽ። ምግብ ቤት ሂሳብ ልክፈል ልክፈል እንደሚባባሉ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ መንገድ ዘግተን ተሟገትን። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ነፋብን። በመጨረሻ ስልክ ተለዋውጠን፣ ተሳስመን ተለያየን። ኩባንያዬ ሲደውልም ያንኑ ደገምኩት። ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል ለኩባንያ ብዬ ልጠፍ?

ሳን ሆዜ ያለው ብሮከሬ፣ ኢንሹራንሱን ያዋዋለኝ፣ ያገር ልጅ ነው፤ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ይሄ ጥፋት ካልተነሳልኝ ኩባንያው የኢንሹራንስ ውሌን አያድስም። እንደኔ ያሉትን ጉደኞች የሚቀበል ሌላ ኩባንያ አለ፤ ግን ሁሉንም የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ዋጋው የቤት ኪራይ ያህላል። ርካሹ ላያቢሊቲ ብቻ ነው፤ የገጨሁትን ሰው ይክሳል፣ የኔ መኪና ብትደቅቅ ግን ዞር ብሎም አያያት። መኪናዬ ከሌለች ደግሞ ሳን ሆዜ የለ፣ ሕፃን የለ።

«እናቴ፣ ቆመው ነበር። ይደውሉና እሱን ብቻ ይንገሯቸው» አለኝ ብሮከሩ።

ልጄም «ማም፣ ጀስት ቴል ዘም»፣ በቃ ንገሪያቸው ብላ ጨቀጨቀችኝ። ለሷ ቀላል ነው! እውነቱን ከተናገርኩ አባባን በዚያ ዕድሜያቸው ለመንጃ ፈተና ሊጠሯቸው፣ መንጃ ፈቃዳቸውን ሊነጥቋቸው ነው። እኔ የሰው እግር ቆራጭ ልሁን? ጨነቀኝ። ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ አንድ መላ መጣልኝ፤ እውነቱን ለመናገር ራሳቸውን ላስፈቅድ።

ደውዬ አድራሻቸውን ተቀበልኩና፣ ባዶ እጅ አይኬድምና ብርቱካን ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። በር ከፍተው ገና ሲያዩኝ ሳቁ። የሳቸው ኩባንያም ደውሎ ኖሯል። ሠራተኛዋ ሁለታችሁም ጥፋቱ የኔ ነው አላችሁ፣ ዘመዳሞች ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አዎ አሏት!

ከዚያ ደኅንነት ተጠያየቅን፤ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ጉልበት፣ ደም ግፊት፣ አንድም አልቀረ። ብርቱካኑ ተልጦ ተበላ። በመጨረሻ፣ ከፈቀዱልኝ እውነቱን ልናገር አልኩ። በመሐረብ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«የመኪናዬን ቁልፍ እኮ ያን ዕለት ለልጄ ሰጠሁት» አሉኝ። «ፍሬን ልያዝ ስል እግሬ ዘገየብኝ። አየሽ፣ ከፊቴ የነበረው ብረት ነው። የሚሻገር ሕፃን ቢሆንስ? ያንን አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ ደግሞ የኔ ነው፣ የኔ ነው ትያለሽ። ጥፋቴን መልሺልኝ።»

እኔ የማዳናቸው መስሎኝ ነበር። እዚያው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ለሁለቱም ኩባንያዎች ደወሉ፤ እኔም ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነበር አልኩ። ድምፄ ሲያንስባቸው ጮክ በይ አሉኝ።

ኩባንያዬ አስቀረኝ፤ ምሰሶውና ቲኬቱ አሁንም አሉብኝና ከበፊቱ ዋጋ ትንሽ ጨመረብኝ። ሰኞ ሳን ሆዜ ደርሼ ሕፃኗን ደረቴ ላይ ሳስተኛት የደስታ እንባዬ መጣ። አባባን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ሆኛለሁ። ከጎኔ ተቀምጠው ገና መብራቱ ቢጫ ሲሆን ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ ይጫናሉ። እኔም ሳላሳፍራቸው ቀስ ብዬ አብሬያቸው ፍሬን እይዛለሁ።