ቤት የሌለው በር

በሩ ከቤቱ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ባለቤቴ አናጢ ነው። ለዘመቻ ከመጠራቱ በፊት ከዋንዛ ሳንቃ ጠርቦ፣ አለስልሶ፣ ማጠፊያውን ሳይቀር ገጥሞ፣ ቆቦ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ግድግዳ ላይ አስደገፈው። «ቤቱ ሲቆም በር ፍለጋ አትዞሪም» አለኝ። ከዚያ ሄደ፤ እኔ ከበሩ ጋር ቀረሁ። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች ወደ አልጋዬ ባለፍኩ ቁጥር ክርኔን ይመታኛል። እኔም እሰድበዋለሁ። የምሰድበው በሩን ይሁን ሠሪውን አላውቅም።

ቦታውን ገዛነው እላለሁ እንጂ መሬት የመንግሥት ሆኗልና የሚሸጥም የሚገዛም አልነበረም። ወደ ጎብዬ ጓዙን የጠቀለለ አንድ ሰው የፈረሰች ጎጆ ነበረችው። ከእሱ የገዛነው ስድስት ቋሚና የቁልቋል አጥር ነው። ቦታውን የሚመራው ቀበሌው ሲሆን፣ በስድስት ወር ውስጥ ቤት ካልቆመበት ነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። የምሪት ወረቀቱ በባለቤቴ ስም ወጣ። ወረቀቱ በወጣ በወሩ እሱ በመኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮ የሚገኘው በቀበሌ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ደግሞ የሚጻፈው ለወረቀቱ ባለቤት ወይም የእሱን ውክልና ለያዘ ሰው ነው። የወረቀቱ ባለቤት ምሽግ ውስጥ ነው፤ ውክልና ሳይሰጠኝ ሄዷል፤ ከእሱ የሚመጣልኝ ደብዳቤም ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። እኔ ገበያ ዳር ባለች የስፌት መኪናዬ የሰው ልብስ እየሰፋሁ ቀን እቆጥራለሁ። ያቺ ቦታ ከሄደች እሱ ሲመለስ ምን ብዬ እንደማየው አላውቅም ነበር። ቤት የምሠራው ለመኖር ብቻ አልነበረም። ቤቱ ከቆመ ይመጣል ብዬ አምን ነበር።

ጉዳዬን የያዙልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያለው ደሴ ነው፤ እኛ ጠበቃ የምንላቸው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሾላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉትን ነው። ሽማግሌው ሙስሊም ናቸው፤ ቀለማቸውን በብልቃጥ፣ የደንበኞቻቸውን ወረቀት በቆርቆሮ ሳጥን ይዘው በርጩማቸው ላይ ይሰየማሉ። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ ከዋጃም ከሮቢትም ለመጣ ይጽፋሉ። የጻፉትን መልሰው ሲያነቡልኝ የኔ ችግር እንኳን ጨዋ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ችግሩ ቀርፋፋ መሆናቸው ነው። ወይም እኔ እንዲያ መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ ምን ደረሰ?» እላለሁ።

«አብሽሪ ልጄ። ሦስት ወር አስጨምሬልሻለሁ።»

«ውክልናውስ? ለጦሩ ይጻፍልኝ አላልኩም?»

«እሱን ተይው ለጊዜው። ቋሚው አለ አይደል? በአገዳ ክደኚው። መጀመሪያ ጣራ ይኑርሽ፤ ቆርቆሮው ኢንሻ አላህ ኋላ ይመጣል።»

በአገዳ! የማሽላ አገዳ ለከብት ነው፣ ቢበዛ ለማድ ቤት። የአናጢ ሚስት ሆኜ፣ ያ የዋንዛ በር እቤቴ ተገትሮ፣ አገዳ ቤት ላይ ልገጥመው ነው? ባለቤቴ እግሩ ከመውጣቱ በፊት በጣቱ አየር ላይ ጣራውን ስሎ ያሳየኝ በቆርቆሮ ነው። ሽማግሌው ናቁኝ ብዬ ተቃጠልኩ።

የባሰው ደግሞ ነገሩ እሳቸው ዘንድ አለመቅረቱ ነው። ክፍሏን ያከራዩኝ እትዬ አንድ ማለዳ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሸክም ሸክም አገዳ ይዘው ደጄ ላይ ደረደሩት።

«እኛ እንከድንልሻለን» አሉኝ። «አንቺ እጅሽን አታንሺ፤ ቁጭ ብለሽ እዪ ብቻ። ከነገ ወዲያ ትገቢበታለሽ።»

«ለማኝ አደረጋችሁኝ እንዴ እትዬ?»

«ኧረ በእመቤቴ! ማን እንዲህ አለሽ?»

«እንግዲያው አገዳውን ለላማችሁ ስጡልኝ።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው አዩኝ። እኔ ግን የማሸንፍ መስሎኝ ወደ ውስጥ ገብቼ የስፌት መኪናዬን በኃይል መርገጥ ጀመርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሴቶቹ እኔ ስደርስ ወሬ ያቋርጣሉ። ትዕቢቴን እያሙ ነው አልኩ።

ሁለተኛው ጭማሪ ሊያልቅ ሲል ቀበሌው ሦስተኛውንና የመጨረሻውን እስከ ሰኔ ማብቂያ ሰጠ። በዚያው ሰሞን በዋጃ መንገድ ላይ ሻይ ቤት ያለው ሰውዬ ቦታዬ ውስጥ ገብቶ በእርምጃው ሲለካ አገኘሁት። «አየሁ ብቻ» አለኝ፣ ሳቅ እያለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የኔ ባለቤት ሩቅ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፤ ሲነጋ ጠበቃ ለመቀየር ቆርጬ ነበር።

አዲሱ ጠበቃ ከደሴ የመጣ ወጣት ነው። ገና ሦስት ወር ያልሞላው፣ ከማንም ጋር ገና ያልተላመደ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ክፍል ይዞ በታይፕ መኪና የሚጽፍ። ነገሬን አንድ ጊዜ ሰማኝና «ይኼማ ቀላል ነው» አለ። «በቀበሌው በኩል ለጦር ክፍሉ ይጻፋል፣ ባለቤትሽ ፈርሞ ውክልና ይልካል፣ አለቀ። እስከዛሬ ምን ሲሠሩ ነበር?» ቀላል ነው ያለኝ ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ወረቀቶቼ ግን ሽማግሌው ሳጥን ውስጥ ናቸው። ጠበቃ የሚቀይር ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ አመስግኖ፣ ተመራርቆ ነው የሚለየው። እኔ ብቻዬን ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ወረቀቴን ይስጡኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለዚያ ልጅ ልትሰጪ ነው?»

«አዎ። ውክልናውን ያስመጣልኛል።»

«አንድ ሳምንት ስጪኝ» አሉ። «አንድ ሳምንት ብቻ። እኔ ራሴ ሰው ይዤ መጥቼ እከድንልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ወረቀትሽንም እሰጥሻለሁ፣ የማወራሽም ነገር አለኝ።»

«አንቱ ዘንድ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የኔ ቦታ ሻይ ቤት ይሆናል!»

ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ሽማግሌው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ወረቀቶቹን በጨርቅ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ እኔ በአንድ እጄ ተቀበልኩ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወጣቱ በዚያው ቀን ጻፈ። ታይፑ ሲንቀጫቀጭ የቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ የወረደ ያህል ደስ አለኝ።

መልሱ የመጣው ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ቀበሌው ልኮ ሲያስጠራኝ ወጣቱን ይዤ ሄድኩ፤ እግሬ መሬት አልነካም። ቀትር ነው፣ ቢሮው በባለጉዳይ ተሞልቷል። ጸሐፊው ፖስታውን ከፍቶ ለራሱ አነበበና ቀና ብሎ አላየኝም። ወረቀቱን ለወጣቱ አቀበለው። ወጣቱ ደግሞ ሥራው ነውና፣ እኔም ዓይኑን እያየሁ ነውና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ቁጥሩን አነበበ፣ ጉዳዩ የሚለውን አነበበ፣ የባለቤቴን ስም ከነአያቱ አነበበ። ከዚያ «በተሰለፈበት ግንባር የተሰዋ በመሆኑ የተጠየቀውን ውክልና ሊሰጥ የማይችል መሆኑን እንገልጻለን» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ቢሆንም ጨርሶት ነበር።

ከአፌ መጀመሪያ የወጣውን መቼም አልረሳውም። «ታዲያ የቆርቆሮው ደብዳቤ አይጻፍልኝም?» አልኩ።

አንዲት የማላውቃት ሴት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ነገሩ የገባኝ በእሷ ጩኸት ነው።

ወደ ክፍሌ አልሄድኩም። ወደ ቦታዬ ሄጄ ከስድስቱ ቋሚዎች መካከል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሪ ልል ፈልጌ ድምፅ ከየት ይምጣ! ከቋሚዎቹ አንዱን ይዤ እነቀንቃለሁ፤ የምነቅለው ይመስል። ብዙም ሳልቆይ እትዬ እየሮጡ መጡ፣ ጫማቸውን አንድ እግር ብቻ አድርገው። ጎረቤቱ ተከተለ። ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው ነበር። ባለሙያ ነኝና አየሁት፤ አዲስ ጥቁር ነው፣ ልክ ተወስዶ የተሰፋ፣ በኔ እጅ ያልተሰፋ። በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ልብስ አልነበረም።

«ታውቁ ነበር» አልኩ።

ያውቁ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ግንባር የነበረ አንድ ቁስለኛ ወደ ሮቢት ሲመለስ፣ ለሚስቱ እንዴት አድርጌ ልንገራት ብሎ ለሽማግሌው ጠበቃ ነግሯቸዋል። እሳቸው ለእትዬ ነገሩ። መርዶ ደግሞ ዝም ብሎ አይወረወርም፤ ሰው ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በገዛ ቤት ነው የሚነገረው። እኔ ቤት የለኝም። በተከራየሁት ግቢ አራት ተከራይ ይኖራል፤ ድንኳን አይተከልበትም፤ አልቃሽ አይቀመጥበትም። ስለዚህ ተማከሩ፦ መጀመሪያ ጣራ ይኑራት፣ ከዚያ ይነገራት አሉ። ያ ሁሉ አገዳ ለለቅሶዬ ነበር።

ሽማግሌው መጨረሻ ደረሱ፣ በልጃቸው ተደግፈው። ወጣቱ ጠበቃም ከኋላቸው ነበር፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ወረቀቴን በወሰድኩ ማግስት ሽማግሌው ክፍሉ ድረስ ሄደውበት ነበር አለ፤ ደንበኛዬን ነጠቅከኝ ሊሉት የመጡ መስሎት ሳያናግራቸው በሩን ዘጋ። ይህን እያለ ያለቅስ ነበር። ሽማግሌው ግን እሱን አላዩትም፤ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አሉኝ። «የዚያን ቀን ሾላው ሥር ልነግርሽ ይገባ ነበር። ሰው ፊት፣ አደባባይ ላይ፣ እንዴት ብዬ? ፈራሁ።»

«እኔ ነኝ እንጂ አባባ» አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

እትዬ ለቅሶው የት ይቀመጥ ብለው ሲጨነቁ ሽማግሌው «እዚሁ» አሉ። «በገዛ ቦታዋ። በሩን አምጡላት።»

አራት ወንዶች የባለቤቴን በር ከክፍሌ አውጥተው በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። አስከሬኑን አላየሁም፤ በሩን በትከሻ ሲያመጡት ግን እሱን ያመጡት መሰለኝና ድምፄ ያኔ ወጣ። ለመንገዱ የቀረቡትን ሁለት ቋሚዎች መርጠው ገጠሙት። ማጠፊያው ልክ ነበር። ከኋላው የእድሩን ድንኳን ወጠሩና ሦስት ቀን ተቀመጥን። ግድግዳ የለም፤ በየትም በኩል መግባት ይቻላል፤ ግን ለቅሶ የደረሰ ሁሉ፣ ከዋጃ የመጣው የእናቴ ዘመድ እንኳ፣ በሩን ከፍቶ ገብቶ መልሶ ይዘጋው ነበር።

የቀበሌው ሰዎችም በሁለተኛው ቀን ለቅሶ ደረሱ። ኮፍያቸውን አውልቀው በበሩ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አጽናኑኝ፣ በበሩ ወጡ። ሽማግሌው ጥግ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቃቸው ብልቃጣቸውን ከፈቱና ጉልበታቸው ላይ ጻፉ፦ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ የቤቱ ሥራ ተጀምሯል፣ በሩ ቆሟል፣ የቀበሌው ሹማምንትም ራሳቸው በዚሁ በር ገብተው ወጥተዋል። ሰኔ ሊያልቅ አንድ ቀን ነበር የቀረው። የለም፣ በዚህ በር አልገባንም ሊል የደፈረ አልተገኘም።

ያ ቀበሌ ላይ የተነበበው የመርዶ ወረቀት ቦታውን ወደ ስሜ አዞረልኝ፤ ቆርቆሮውንም አስፈቀደልኝ። ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ጠበቃ አልቀየርኩም። ቤቱን የሠሩልኝ አናጢዎች በሩን እናዙረው ብለው ለምነውኝ ነበር፤ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ በቆቦ ሐሩር ወደ ምዕራብ በር የሚያወጣ ጤነኛ የለም። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ እስከ አልጋዬ ድረስ ትገባለች። እንግዳ ሁሉ ይህን በር ማን ሠራው ብሎ ይጠይቀኛል። ባለቤቴ ነው እላለሁ።