ቤንዚን የማትጠጣዋ መኪና

በትሪፖሊ ወደብ ሰፈር የውጅዳንን ኪበ በልቶ ሆዱን ያመመው ሰው የለም። ከስጋና ከቅንጬ እየጠፈጠፈች ፍሪዘሯን ትሞላለች፤ ድግስ ያለበት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ፣ የሰፈሩ ጄኔሬተርም ሲያርፍ፣ ፍሪዘሩን የሚያቆዩላት አልጋዋ ሥር ያሉት ሁለት ባትሪዎች ናቸው። ያላት ነገር ስሟና እነዚያ ባትሪዎች ነበሩ።

ባሏ ኑዕማን ባለታክሲ ነው። ቤንዚን የጠፋ ጊዜ የአሮጌ መርሴዲሱን ሞተር አውጥቶ ጣለና «በኤሌክትሪክ አስኬዳታለሁ» አለ። ከወደቡ ቁርጥራጭ ብረት መሀል የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሞተር አመጣ። ዓሣ መጋዘን ያገለገለ ስለነበር፣ ሲሞቅ የከረመ የዓሣ ቅባት ይሸታል። ከተጋጩ መኪኖች የፈታቸውን ባትሪዎች መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ደረደረ፤ የእጁን ግራሶ በዳቦ መሸፈኛዋ ጠረገ። ውጅዳን ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ጣለችው። መናገሩ ከሰለቻት ቆይቷል።

«አቡ ጊያስ!» ትላለች ጎረቤታቸው ሀያም ከላይኛው ሰገነት፣ እንደ ሰፈሩ ወግ የጊያስ አባት ብላ በልጁ ስም እየጠራችው። «ሆዷን ቀደህ ተውካት እኮ! መቼ ነው የምትወልደው?»

«ደርሳለች! የልጅሽ ቀለበት ዕለት በእሷ ነው የምትሄዱት።»

የቀለበቱ ድግስ እሑድ ነበር። ኪበው ተሠርቶ ፍሪዘር ገብቷል።

ሐሙስ ዕለት ውጅዳን አክስቷን ልትቀብር ገጠር ሄደች። ቅዳሜ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት።

«ባትሪዎቼስ?»

«ለመኪናዋ ሁለት ጎደለኝ» አለ ኑዕማን። «ጄኔሬተሩ አለ ብዬ ነበር፤ እሱም ተበላሸ።»

«ፍሪዘሩን አላየኸውም?»

«ካልተከፈተ ቅዝቃዜው አይወጣም ብዬ ተውኩት።»

ከፈተችው። ኪበው አመድ መስሎ ዝልግልግ ብሏል፤ ከሥሩ ደም የቀላቀለ ውሃ አቁሯል። በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች።

«ኡም ጊያስ፣ አትቸኩዪ እንጂ» አላት። «ቅመም በዛ አድርጊና አጥብቀሽ ጥበሺው። ዘይት የነካውን ስጋ ማን ይለየዋል?»

የስጋውን ሽታ ችላው ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ከአጠገቡ ፈቀቅ አለች። ስንት ዘመን ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ሳህን በላች!

«ጫን» አለችው።

«ምኑ ላይ?»

«መኪናህ ላይ። ቤንዚን አትጠጣም አይደል? ይኼን ትጠጣ።»

ከዚያ ደረጃውን ወጥታ የሀያምን በር አንኳኳች።

«ኪበ የለም። ከሱቅ እዘዢ።»

«ነገ እኮ ነው ኡም ጊያስ! ምን ሆነ?»

«ሸተተ።»

ውጅዳን እስኪመሽ ወሬው ሰፈሩን እንደሚያዳርስ ታውቃለች። ሌላ ምክንያት መፍጠር ትችል ነበር፤ ደከማት።

መኪናዋ በእርግጥም ሄደች፣ ያለ ድምፅ። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ አጨበጨበ፤ ኑዕማንም ከኋላው የጫነውን ረስቶ እጁን በመስኮት እያወዛወዘ እንደ ሙሽራ ሳቀ። ውጅዳን አጠገቡ ተቀምጣለች። ከከረጢቶቹ የሚንጠባጠበው ውሃ በወንበሩ ሥር እየሾለከ ጫማዋ ውስጥ ገባ።

ባሕሩ ዳር ካለው የቆሻሻ ክምር ደርሰው፣ አሞራዎች እየተሻሟቸው ከረጢቶቹን ጣሉ።

«አየሽ?» አለ ኑዕማን። «ሄደች!»

«አየሁ። አሁን ባትሪዎቼን ፍታ።»

«እዚህ? በምን እንመለሳለን ታዲያ?»

«እኔ በባጃጅ። አንተ እንደፈቀደህ።»

ፊቷን አየና የብሎን መፍቻውን አነሳ። አፍንጫውን መያዣ ትርፍ እጅ አልነበረውም።

እሑድ ማታ ባዶው ፍሪዘር ያጉረመርማል። በኮምጣጤም በሎሚም አጥባዋለች፤ ሽታው አለቀቀም። ከላይ ዘፈንና እልልታ ይሰማል። አንድ ጊዜ የሀያም ቅርጫት በገመድ ወርዶ መስኮቷ ላይ ቆመ፤ የሱቅ ኪበ በሳህን ይዟል።

«ቅመሺ እስቲ!» አለች ሀያም ከላይ። «እንዳንቺ አይደለም!»

ውጅዳን አንዱን ገምሳ አሸተተችው። የሰነበተ ዘይት ነው።

ሳህኑን ኑዕማን ፊት አኖረችው። ጠርጎ በላ፣ ጣቱንም ላሰ።

«ምንም አይልም» አለ።