ኦነዚም የሚጸየፈውና የማይጸየፈው

የሚስቴ እህት ባል ኦነዚም ቫሾን የሰው እጅ የነካውን ዳቦ አይበላም። ፖም በሳሙና ያጥባል፤ በር በክርኑ ይከፍታል፤ በቅዳሴ መካከል ሰላምታ የመለዋወጫው ጊዜ ሲደርስ ሁልጊዜ ሳል ይይዘዋል፤ የሚያስል ሰው እጅ ደግሞ ማን ይጨብጣል? በደብራችን ምድር ቤት በየወሩ በሚሰናዳው የቦሎቄ እራት ላይ ሁላችንም በአዳራሹ ማንኪያዎች ስንበላ፣ እርሱ ከኮቱ የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ የብር ማንኪያ ያወጣል። ከእናቱ የወረሰው ነው። ሞላሰስ የጠጣውን ቦሎቄ በእርሱ እየዛቀ፣ ጎረቤቱ ጥርሱን በጥፍሩ ሲጎረጉር ላለማየት ዓይኑን ግድግዳው ላይ ይተክላል።

ይህ ሰው የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በዝቃጭ ውስጥ ነው።

ዝቃጩ የከተማችን የሻውኔት ፎልስ ወረቀት ፋብሪካ ትራፊ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ሠራተኛው ሲበተን፣ ዝቃጩ ከወንዙ ዳር ባለው ገንዳ ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ግማሹ ወረቀት ለመሆን ያልበቃ የእንጨት ቃጫ፣ ግማሹ ነጭ ሸክላ ነው። ላላየው ሰው ልንገር፤ ቀዝቅዞ ያደረ ገንፎ ላይ የተላጨ ጢም ቢበተንበት እርሱን ይመስላል። በሞቃቱ ወራት ላዩ ቆዳ ያወጣል፤ ቆዳው ይነፋና ይፈነዳል፤ ከፈነዳው ውስጥ የሚወጣውን ነገር ምሳ የበላ ሰው ባያስታውሰው ይሻላል። ኦነዚም ይህን በባዶ እጁ ያፍሰዋል። በጣቶቹ መካከል ሾልኮ ሲወጣ ፈገግ ይላል። አንድ ቀን እንዴት እንደማይቀፈው ብጠይቀው፣ ይህ የሰው እጅ ያልነካው ንጹሕ እንጨት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኝ።

መሐንዲስ ነው፤ ምኞቱም አንድ ብቻ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን አሮጌ የከተማ ቆሻሻ ክምር በዚህ ዝቃጭ መክደን። ክምሩ ዝናብ በጠጣ ቁጥር ከሥሩ ቡናማ መረቅ ያነባል። የሞተ ድመት፣ የሕፃን ዳይፐርና የዛገ የቀለም ቆርቆሮ አብረው የከረሙበት መረቅ ነው፤ ቀስ ብሎም ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሌሎች ከተሞች ለክዳን የሚሆን የሸክላ አፈር ከሩቅ ያስጭናሉ። ኦነዚም ግን ዝቃጩ በደንብ ሲጠቀጠቅ እንደ ረጠበ ካርቶን እርስ በርሱ ተጣብቆ ውሃ እንደማያሳልፍ ደረሰበት። በክምሩ ጫፍ ላይ የሙከራ መደብ ሠራ፤ በመደቡ ላይ የእንጨት ጎጆ አቆመ፤ ከሥር የሚንጠባጠበውን እየለካ ብዙ ክረምት አሳለፈ። ጠብታው ዓመት በዓመት እየቀነሰ መጣ። የቀረው ነገር በመጋቢት የሚሰበሰበው የከተማው ጉባኤ እጅ አውጥቶ እንዲያጸድቅለት ብቻ ነበር።

ጉባኤው የጠየቀው አንድ ማስረጃ ነበር፤ የሽታ። ሽታውን የሚመዝኑ ነዋሪዎች ይመረጡ ተባለ። ኦነዚምም በከተማው ሐቀኛ የሚላቸውን ሰዎች መረጠ፤ ሁሉም የፋብሪካው ጡረተኞች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ፋብሪካው በሚሠራበት ዘመን ከተማው በሙሉ እንደ ገማ እንቁላል ይሸት ነበር። አየሩ የብር ዕቃ ስለሚያጠቁር ሴቶቹ ቅዳሜን ሹካና ማንኪያ ሲወለውሉ ይውሉ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ሽታው ሄደ፤ ብሩም በራሱ ማብራት ጀመረ። ሰዎቹ ግን ሽታውን እንደ ሞተ ዘመድ ናፈቁት።

እነዚህ ናፋቂዎች በአዳራሹ ተደርድረው የዝቃጭ ጠርሙስ እየከፈቱ አሸተቱ። እኔ ከበሩ አጠገብ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው አልሲድ፣ ማሽን ቤቱን ዕድሜ ልኩን ያዘዘው ሰው፣ አፍንጫውን እስከ ጉንጩ ከቶ ዓይኑን ጨፈነና ረጅም ጊዜ ቆየ።

«የደመወዝ ዓርብ ማታ ይሸታል» አለ በመጨረሻ፤ ጠርሙሱንም ለመመለስ አልፈለገም።

ፍርዱ «ደስ የሚል ሽታ» ሆኖ ተመዘገበ። እኔ እንደሚገማ ብናገር የባሕር ጠረፍ ተወላጅነቴ ተነሣብኝ፤ የባሕር በረሮ ቀቅሎ ቅቤ እያስነካ የሚበላ ሰው ስለ ጠረን ምን አፍ አለው ተባልኩ። ሎብስተር፣ ያን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ፣ ማለታቸው ነው።

በጥቅምቱ የቦሎቄ እራት ላይ የኦነዚም ልጅ ሶላንዥ ተገኘች። አሪዞና ኖራ፣ እናቷ አጠገብ ልትወልድ መምጣቷ ነበር። ኦነዚም የድምፅ ሰጪውን ልብ ለማለስለስ አንድ ጠርሙስ ዝቃጭ ይዞ መጥቶ በቡናማው ዳቦና በኮምጣጤ በተዘፈዘፈው ዱባ መካከል አስቀመጠና ክዳኑን ከፈተ። ሶላንዥ ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። ቀጥሎ ያየሁት ባርኔጣዬ በእጇ መሆኑን ነው።

ባርኔጣው ሞላ። ቦሎቄው ሳይታኘክ እንደተዋጠ ለሁሉም ታየ። እናቷ ፍሎሬት ሎሚ ይዛ ሮጠች፤ ሴቶቹ በፍቅር ሳቁ፤ አልሲድ ይህን ያህል ሆድ የሚያገላብጥ ወንድ ልጅ ብቻ መሆኑን አወጀ። ኦነዚም ማንኪያውን በመሐረቡ ሸፍኖ ሦስት ወንበር ራቀ። የተጸየፈው ግን ባርኔጣዬን ነው እንጂ ጠርሙሱን አልነበረም፤ ጠርሙሱ እስከ እራቱ ፍጻሜ ክዳኑ እንደተከፈተ ቆየ።

በጥር የብር ማንኪያው ጠፋ። ኦነዚም ለእራት መጥቶ ኪሱን ዳበሰና ሳይበላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከጉባኤው በፊት የመጨረሻውን ልኬት ሊወስድ ወደ ጎጆው ሲወጣ በረዶውን ልጠርግለት ተከተልኩት። መሳቢያውን ሲከፍት ማንኪያው ከመሐረቡ ሾልኮ ወጥቶ ተኝቷል፤ ከገና በፊት ምሳ በልቶ ረስቶት ኖሯል። ደስ አለው። በጨለማው ጥግ ተቀምጦ የአተር ሾርባውን ከቴርሞሱ እየዛቀ ግማሽ ያህል ከጠጣ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ማንኪያው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

ምላሱን አውጥቶ በመሐረቡ ጠረገው፤ መሐረቡን አየና እንደገና ጠረገው። ክረምቱን ሙሉ በጎጆው ውስጥ ከማንኪያውና ከጭቃው በቀር ምንም አልነበረም። ውሃ የማያሳልፈው ጭቃው በራሱ እርጥበት ከውስጡ እየበሰበሰ የድኝ ጋዝ ሲተነፍስ ከርሟል። ያ ጋዝ ጥቂት ሲሆን ይገማል፤ ሲበዛ ራስ ያዞራል፤ ሲብስ ይገድላል። በመስኮቱ በኩል የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይታያል።

«ምን ይሸትሃል?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለ ባሕር በረሮ ምንም አላነሣም።

«እኔን አባቴ ከፈረቃ ሲመለስ ለብሶት የሚመጣው ጃኬት ይሸተኛል» አለና ስልኩን አወጣ። ሶላንዥ ልጇን እያጠባች ኖሮ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«ያን ዕለት ያስመለሰሽ ከእርግዝናሽ ነው ወይስ ከጠርሙሱ?»

«አባዬ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድ ቀን አላቅለሸለሸኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በባርኔጣው ነገርኩህ እኮ። እማዬ ሎሚ አመጣችልኝ።»

በጉባኤው ዕለት የትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም በእርጥብ ቦት ጫማ ጠረን ታፍኖ ነበር። የኦነዚም ሐሳብ ሲነበብ አልሲድ ተነሥቶ ይህ ጭቃ የእጃችን ሥራ መሆኑን፣ የማንም ከተማ አፈር እንደማያስፈልገን ተናገረና ተጨበጨበለት። ኦነዚም ማንኪያውን በመሐረብ ይዞ ቆመ።

«ጭቃዬን አትቀበሉት ልላችሁ ነው» አለ።

አልሲድ ወንበሩን አዙሮ አየው። «ልጄ፣ እኛ በዚህ ሽታ ውስጥ ኖረን እስካሁን አለን አይደል?»

«ጋሼ አልሲድ፣ እርስዎም እኔም እየወደድን ነው ያሸተትነው። ይህ ማንኪያ ግን ፋብሪካው አይናፍቀውም።» ከፍ አድርጎ አሳያቸው። አሮጊቶቹ ጥቁረቱን ገና ከሩቅ አወቁት፤ ስንት ቅዳሜያቸውን የበላ ጥቁረት ነው። «እኔም ይህን አፌ ውስጥ ከትቼዋለሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ተጨማደደ። ከጋዙ ይልቅ ያሳመናቸው ያ ፊት ይመስለኛል፤ ኦነዚም ቫሾን የቆሸሸ ነገር አፉ ውስጥ መክተቱን በሕዝብ ፊት ለማመን ምን ያህል እንደከበደው የማያውቅ አልነበረም። እጅ ሲቆጠር ሐሳቡ ወደቀ። የከተማው ጸሐፊም ማንኪያውን ለማስረጃ ብላ ከቃለ ጉባኤው ጋር አሽጋ ወሰደችው።

አልሲድ ለሳምንታት አላናገረውም። በሚያዝያው እራት ግን መጥቶ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ኦነዚም የአዳራሹን ማንኪያ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ እጀታው ላይ የደረቀ የእንቁላል አስኳል እየተመለከተ ሳህኑን ሳይነካ ቆይቷል። አልሲድ ማንኪያውን ቀማው። እፍ አለበት፤ አስኳሉን በጥፍሩ ፈቀፈቀ፤ በሸሚዙ ሆድ ላይ ወለወለና መለሰለት።

«ብላ። ከዚህ የባሰ በልተሃል።»

ኦነዚም ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ በላ። እንደ መድኃኒት ዋጠው። ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ፣ ግድግዳውን እንዳየ፣ የፋብሪካው የምድጃ አመድ ከድሮው መጋዘን ሥር እስካሁን ይኖር እንደሆነ ጠየቀ፤ ጭቃው በአመድ ቢለወስ መበስበሱን ሊያቆም ይችል ይሆናል።

«አለ» አለ አልሲድ፣ ቦሎቄው በአፉ ውስጥ እየታየ። «የሰፈሩ ድመት ሁሉ የሚጸዳዳው እዚያ ነው።»

ኦነዚም ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ መቼ ሊያሳየው እንደሚመቸው ጠየቀው።