ከተከዜ ማዶ የመጣች ቃል

«አቍ ብዬ ወርጄ፣ አቍ ብዬ ስወጣ፣
እም… እም… እም…»

ሐረገ ወይን እዚህ ላይ ስትደርስ ዜማው ይበጠስባታል። እናቷ ካሣነሽ እንስራ አዝላ ከምንጩ ስትወጣ የምታንጎራጉረው ነበር። ዛሬ ካሣነሽ ከአፈር በታች ናት፤ ሁለተኛው ስንኝም የት እንደገባ እንጃ።

«አቍ» የሚለውን ቃል ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰይጣን ስም ነው ይላል።

ካሣነሽ በንዳድ ስትቃጠል ደብተራ ወልደ ሩፋኤልን አስመጡላት። ደብተራው ጸሎቱን ደግሞ፣ መቋሚያውን ትከሻዋ ላይ ጫን አድርጎ፣ «ስምህን ተናገር! ማን ትባላለህ?» ሲል፣ አፏ የደረቀው በሽተኛ «አቍ» አለች።

«አቍ ነኝ አለ! ያዙልኝ!»

ክፉ መንፈስ የያዘው ሰው፣ መንፈሱ ለቅቄያለሁ እስኪል ውኃ አይቀምስም፤ የመንደሩ ደንብ ነው። የውኃ ቅሉን ከራስጌዋ አንስታ ወደ ጓዳ ያስገባችው ሐረገ ወይን ራሷ ናት። ካሣነሽ ዓይኗን ጓዳው በር ላይ እንደተከለች፣ «አቍ… አቍ…» እያለች፣ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ዐረፈች።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ሰላምታ እንኳ ከደጅ ሆነ። ሰይጣኗ ሳይወጣ የሞተች ሴት ተዝካር አንበላም አሉ። ሐረገ ወይንም የእናቴ ስም ሳይነጻ ከማዕድ ብቀመጥ ብላ ማለች። ቆሎዋን ቆማ ትቆረጥማለች፤ ቁራሿን ከሥራ ወደ ሥራ ስትል ትጎርሳለች። አንድ ነገር ግን ውስጧን ይበላዋል። የሰይጣን ስም ከሆነ፣ እናቷ በጤናዋ ዘመን ስትዘፍነው ምን ነበር?

አርብ ገበያ ወረደች፤ ሰቆጣ ድረስ አህያ እየነዳ ጨው የሚያመላልሰው ጁሃር ዘንድ።

«አያ ጁሃር፣ አንድ ቃል ልጠይቅዎ መጣሁ።»

«ጨው እንጂ ቃል አልሸጥም የኔ ልጅ! ለእሱ ደብተራዎችሽ ዘንድ ሂጂ» ብሎ ሳቀ።

«ከእነሱ ሸሽቼ ነው» አለችና በሹክሹክታ ነገረችው።

ሳቁ ቆመ። «ማን ነው ያለው?»

«እናቴ። ስትሞት።»

«ትውልዷስ ወዴት ነው?»

«እንጃ። በክፉ ቀን፣ ልጅ ሆና ነው አሉ የመጣችው። አገርሽ የት ነው ስላት ዝም ትለኛለች። ይችን ዘፈን ብቻ…»

አንጎራጎረችለት። እዚያው፣ በአሞሌው ክምር መካከል፣ የጠፋው ስንኝ ሳትጠራው መጣ፦

«ተከዜን ተሻግሮ ማን ወገን ይመጣ።»

ጁሃር ጥምጥሙን ፈትቶ ፊቱን ጠረገበት።

«ዋግ ስወርድ አገዎቹ ቤት አድራለሁ። ልጅ አቍ ብሎ ሲያለቅስ እናት ቅል ታነሣለች። ጭልጋ የሄድኩ ጊዜ ደግሞ ቅማንቶቹ አኹ ይላሉ፤ ያው ቅል ነው የሚነሣው። እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው ስንት ተራራ አለ። ጥንት የአንድ እናት ልጆች ሆነው፣ ሲበተኑ ቃሏን ይዘው የሄዱ ይመስለኛል። ውኃ ነው ልጄ። ውኃ ነው የለመነችሽ።»

ሐረገ ወይን አላለቀሰችም። «ቅሉ እጄ ላይ ነበረ» አለች ብቻ።

ጁሃር አብሯት ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በሰው ፊት፣ የሰማውን ተናገረ። ወልደ ሩፋኤል «ሰይጣንም ቋንቋ ያውቃል» ሊል ጀመረ።

«ሰይጣን ነዋ የዋግን ሕፃናት የሚያጠጣ!» አለው ጁሃር።

ደብተራው መቋሚያውን አንሥቶ ወደ ቅጽሩ ገባ።

በተዝካሩ ዕለት ሰው ሁሉ መጣ። በላ፣ ጠጣ፣ ካሣነሽን ደግ ሴት ነበረች አለ። አንዱ «እስቲ ውኃ» ባለ ቁጥር ሐረገ ወይን እየሮጠች ታቀርባለች።

የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ፣ ቅሉን እስከ አፉ ሞልታ እናቷ ትቀመጥበት ከነበረው ዱካ ፊት አኖረችው። እሷም ከቅሉ ወዲህ በኩል ማዕዱን ስባ ተቀመጠች፤ እንጀራውን ቆርሳ፣ ጎረሰች።