ጠይቄ ዝም ስል

የባሮ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ማታር ከተማ ያሉት የርቀት ተማሪዎቼ ትምህርታቸው ይቋረጣል። ሁሉም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች ናቸው፤ ዲግሪያቸውን ካልጨረሱ ካሉበት ደረጃ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው "ከእንግዲህ የርቀት ትምህርት በቪዲዮ ነው፤ ሥልጠናውን ያላለፈ መምህር ክፍል አይሰጠውም" ሲለን ደነገጥኩ። ዕድሜዬን በጠመኔ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የማታር ተማሪዎቼን ለሌላ ሰው አሳልፌ መስጠት ግን ሞቴ ነው።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። የጋምቤላ ሙቀት ሸሚዙን ጀርባው ላይ አጣብቆበት እንኳ ፈገግታው አይጠፋም፤ እሱው ነበር የሚያናድደኝ። ስለ ክፍልፋይ ማስተማሪያ ዘዴ በስልክ የቀረጽኩትን ትምህርት አብረውኝ በሚሠለጥኑት መምህራን ፊት አዳራሹ ውስጥ ከፈተው።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነው ነው? ጥያቄ ጠየቁ፣ ከዚያ ዝም ብለው ካሜራውን ያያሉ።"

"እየጠበቅኳቸው ነዋ!"

"እነማንን?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አረረ። ማታር ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው በምን ይገባዋል? ተማሪዎቼ ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። ወንበር አስጠግተው በኑዌርኛ ይመካከራሉ፣ ይከራከራሉ፤ ከዚያ አንዱ ተነስቶ የሁሉንም መልስ በአማርኛ ይናገራል። የእኔ ሥራ እስኪጨርሱ አፌን መዝጋት ነው። ለምዶብኝ ስልኩ ፊትም ዘጋሁት።

ይህንኑ ላስረዳው ሞከርኩ። "ገብቶኛል ጋሼ፤ ግን እንዲህ ካስገቡት አያልፉም" አለኝና ዝምታዎቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ጣላቸው። ተማሪዎቼን ከማጣ ይሻላል ብዬ እሺ አልኩ። አለፍኩ፤ ተጨበጨበልኝም።

ኔትወርክ ስላልነበረ ቪዲዮው በሜሞሪ ካርድ ተጭኖ በጀልባ ማታር ወረደ። ከሳምንታት በኋላ ኔትወርኩ ሲመለስ ከአንዷ ተማሪዬ የድምፅ መልእክት ገባልኝ። ብዙ ጊዜ ስለ ሁሉም ተነስታ የምትመልሰው እሷ ነበረች። ከኋላዋ የሌሎቹ ጫጫታ ይሰማል።

"መምህር፣ ቪዲዮ አይተናል፣ ጥሩ ነው። ግን አንተ በእኛ ተናደሃል እንዴ? ትጠይቃለህ፣ እኛ ገና እያወራን ነው፣ አንተ ራስህ መለስክ። ድሮ እንደዚህ አልነበርክም።"